ለጀልባ የሚሆን ኮምፔንሳቶ፦ ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ ነገሮች

እኔ ስራዬ ቁምሳጥንና የኪችን ካቢኔት ነው፣ ወርክሾፔም ፒያሳ ጓሮ አንድ አሮጌ ግቢ ውስጥ ናት፣ ጀልባ ሱስ ነው እንጂ እንጀራ አይደለም። እስካሁን ሶስት ሰርቻለሁ፣ ሁለቱ ይንሳፈፋሉ። ቢሾፍቱም ላንጋኖም ይዣቸው ስወጣ ያየ ሰው ሁሉ "ከምን እንጨት ነው የሰራኸው፣ እዚህ ይገኛል ወይ" ይለኛል፣ መልሱ ኮምፔንሳቶ ነው፣ ስስ የእንጨት ንብርብሮች በሙጫ ተጣብቀው የሚሰራው ጣውላ፣ ለእያንዳንዱ ስመልስ ከምውል ዝርዝሩን አንዴ ልጻፈውና ልረፍ ብዬ ነው። ዋጋ አልጻፍኩም፣ የዛሬው ዋጋ ሳምንት ሳይሞላው ውሸት ስለሚሆን ራሳችሁ ዞር ዞር ብላችሁ ጠይቁ።

ሱቅ ሄጄ "ማሪን ስጠኝ" ብል አይበቃም እንዴ?

አይበቃም፣ ከዚህ ጽሁፍ አንድ ነገር ብቻ ምትይዙ ከሆነ እሱን ያዙ። ከተክለሃይማኖት እስከ መርካቶ ባሉት የህንፃ መሳሪያ ቤቶች "ማሪን" ስትሉ ሚወጣላችሁ ፊቱ ላይ ጥቁር ወይ ቡኒ የሚያብለጨልጭ ነገር የተለበጠበት፣ ለኮንክሪት ፎርምወርክ (ኮንክሪቱ እስኪደርቅ ለሚይዘው ቅርፅ) የተሰራ ኮምፔንሳቶ ነው። ባለሱቁ እያታለላችሁ አይደለም፣ እዚህ ከተማ የቃሉ ትርጉም እሱ ሆኖ ቀርቷል፣ ኮንትራክተሩም ፎርማኑም አናጢውም ማሪን ሲል ያንኑ ነው።

ጀልባ ሰሪዎች ማሪን ሚሉት ሌላ ዕቃ ነው። ቢኤስ 1088 ሚባል የእንግሊዞች ስታንዳርድ አለ፣ እሱ ሚለው ባጭሩ ሙጫው ቢቀቀልም የማይለቅ ይሁን፣ የሆዱ ንብርብሮች ክፍተት አይኑራቸው፣ ፊቱ ንፁህ ይሁን ነው። ብዙውን ጊዜ ከኦኩሜ ነው የሚሰራው፣ ጋቦንና አካባቢዋ የሚበቅል ቀለል ያለ ሮዝ መሳይ እንጨት ነው። እዚህ ጋ ብዙ ሰው ሚሳሳተው "ማሪን ማለት የማይበሰብስ" ይመስለዋል፣ ኦኩሜ እኮ እርጥብ ሆኖ ከቆየ እንደማንኛውም እንጨት ይበሰብሳል፣ ስታንዳርዱ ቃል ሚገባላችሁ ንብርብሩ አይላቀቅም ብሎ ነው እንጂ እንጨቱ ዘላለም ይኖራል ብሎ አይደለም። ማህተሙ ያለበት ኦሪጅናል ዕቃ እኔ እዚህ ከተማ በእጄ ይዤ አላውቅም፣ ከውጭ ካላመጣችሁ በቀር ከሱቁ ካለው ውስጥ መርጣችሁ ነው ምትሰሩት፣ ስለዚህ ስሙን ትታችሁ ዕቃውን እዩ።

እሺ ጥቁሩ ፎርምወርክ ለጀልባ ጭራሽ አይሆንም?

ጭራሽ አልልም። ጥሩ ጎኑ እርጥብ ኮንክሪት እንዲችል ስለተሰራ ደህናው ዓይነት ሙጫው ጠንካራ ነው (ደህናው ነው ያልኩት፣ አንዳንዱ ሁለቴ ኮንክሪት ከተሞላበት በኋላ እንደ መጽሐፍ ይገለጣል፣ ሳይት የሰራ ሰው ያውቀዋል)። መጥፎ ጎኑ ሶስት ነው። ያ የሚያብለጨልጨው ፊልም ኢፖክሲም (ሁለት ፈሳሽ ተበጥብጦ የሚደርቅ ጠንካራ ሙጫና ሽፋን ነው) ቀለምም አይዝም፣ በብርጭቆ ወረቀት ሙልጭ አርጋችሁ ማንሳት አለባችሁ፣ ግማሽ ቀን ትለፋላችሁ፣ አቧራውም ጥሩ አይደለም ማስክ አርጉ። ሁለተኛ ብዙ ጊዜ 12 እና 18 ሚሊ ነው ሚመጣው፣ የ18ቱ አንድ ፍሬ ከ30 ኪሎ በላይ ሊመዝን ይችላል፣ አይታጠፍም። ሶስተኛው ሆዱ ነው፣ ፊልሙ ስር ምን እንደተጎረሰ አይታይም። እኔ ለኋላው ግድግዳ ማለትም ሞተር ሚታሰርበት ቦታና ለመቀመጫ ተጠቅሜበታለሁ፣ ለጎኑና ለሆዱ ግን አልመክርም።

ሱቅ ላይ ቆሜ ጥሩውን ከመጥፎው እንዴት ልለይ?

ፊቱን አትዩ፣ ጠርዙን እዩ። ፊቱን ሁሉም ያሳምረዋል። የስልካችሁን መብራት አብርታችሁ በአራቱም ጠርዝ ዙሩ፣ ንብርብሩ ቀጥ ብሎ ከሄደ ጥሩ ነው፣ እዚህም እዚያም ጥቁር ቀዳዳ ካለ፣ አንዱ ንብርብር በሌላው ላይ ከተደረበ ወይ ከተቋረጠ፣ ሆዱም እንደዛው ነው ማለት ነው። ጠርዙ ቀለም የተቀባ ወይ በስቱኮ የተደፈነ ከሆነ ደግሞ ምን ደበቁ በሉ።

ንብርብሩን ቁጠሩ። 6 ሚሊ ሆኖ 5 ንብርብር ያለው ከ3ቱ ይሻላል። ባለ 3 ከሆነ ብዙ ጊዜ መሃሉ ወፍራም ሆኖ ሁለቱ ፊቶች እንደ ወረቀት የሳሱ ናቸው፣ ብርጭቆ ወረቀት ሁለቴ ስታስኬዱበት ውስጡ ይታያል። ጥንካሬው ያለው ፊቱ ላይ ስለሆነ ፊት የሌለው ኮምፔንሳቶ ለውሃ ዋጋ የለውም።

ከዛ አንኳኩ። በጣታችሁ አንጓ በየአንድ ስንዝሩ ኳ ኳ እያረጋችሁ ሂዱ፣ ክፍተት ያለበት ቦታ ላይ ድምፁ ይቀየራል፣ ባዶ እንስራ የመታችሁ ነው ሚመስለው። ባለሱቁ "ምን ፈልገህ ነው ወንድሜ፣ በር ነው እንዴ ምታንኳኳው" ይላችኋል፣ ይበል። እኔን አንድ ጋሼ ሁለተኛ ቀን ስመለስ "ያ ሚያንኳኳው ልጅ መጣ" ብለው ሻይ አዘዙልኝ፣ አሁን አዲስ ዕቃ ሲገባ ራሳቸው ይደውሉልኛል።

ሙጫው ውሃ ይችል እንደሆነስ በምን አውቃለሁ?

ቀቅሉት። ቀልዴን አይደለም። ባለሱቁን ቁራጭ ለምኑት፣ እምቢ ካለ አንድ ፍሬ ብቻ ገዝታችሁ ከጥጉ ቆርጣችሁ ሞክሩ፣ ሳይቀቅሉ አምስት ፍሬ መግዛት ግን ድፍረት ነው። አውሮፓውያኑ ኢኤን 314 በሚባለው ስታንዳርዳቸው ለውጭ አገልግሎት ሚሆነውን ሚፈትኑት 4 ሰዓት ቀቅለው፣ ከ16 እስከ 20 ሰዓት በ60 ዲግሪ አድርቀው፣ እንደገና 4 ሰዓት ቀቅለው ነው። ከዛ በኋላ ነው ጥንካሬው ሚለካው።

እኔ እቤት እንዲህ ነው ማረገው። የመዳፍ ያህል ሶስት ቁራጭ እቆርጣለሁ፣ እማዬ የማትፈልገው አሮጌ ድስት አለ (ለዚህ ስራ ብቻ፣ ምግብ አይሰራበትም)፣ ላዩ ላይ ድንጋይ ጭኜ እንዳይንሳፈፍ እቀቅለዋለሁ። አንድ ነገር ልብ በሉ፣ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ እኛ ጋ ሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ስለዚህ የኛ ፍላት የነሱን አያክልም፣ እኔ በ4ቱ ፈንታ 6 ሰዓት አቆየዋለሁ። መብራት ከጠፋ ከሰል። ሲወጣ እንጀራ ተጋግሮ ባለቀበት ምጣድ ግለት ላይ አሳድረዋለሁ፣ በማግስቱ እደግመዋለሁ። መጥፎው ሁለተኛ ዙር አይደርስም፣ ገና በመጀመሪያው ሰዓት ውሃው ይደፈርሳል ከዛ ቁራጩ እንደ ሽንኩርት ቅርፊቱን እየጣለ ድስቱ ውስጥ ይዋኛል።

ያልተላቀቀውን ቢላ ንብርብሩ መሃል ከታችሁ ፈልቅቁት። ሲለያይ ሙጫው ላይ ልስልስ ብሎ ከተላጠ ሙጫው ደካማ ነው። እንጨቱ ራሱ ተቀዶ ቃጫው ሙጫው ላይ ተለጥፎ ከቀረ ግን ሙጫው ከእንጨቱ በልጧል፣ ግዙ። በነገራችን ላይ ሙጫው ጥቁር ቡኒ መስመር ሆኖ ጠርዙ ላይ ከታየ ፊኖሊክ ሚባለው ውሃ የሚችል ሙጫ ሊሆን ይችላል፣ እሱ ጥሩ ምልክት ነው፣ ግን ቀለም ብቻ አይታመንም፣ ድስቱ ይፍረድ።

የመጀመሪያህ ጀልባ ምን ሆኖ ነው?

እሺ። ሳልቀቅል ገዛሁ። 9 ሚሊ፣ ፊቱ እንደ መስታወት፣ "ማሪን ነው፣ ውሃ አይነካውም" ተባልኩ፣ እኔም አመንኩ ምክንያቱም ማመን ፈልጌ ነበር። ሶስት ሜትር ጠፍጣፋ ሆድ ያለው ጀልባ ሰራሁ፣ ሁለት ወር ቅዳሜና እሁዴን በላው፣ ጠርዙን በስቱኮ ደፍኜ የቤት ቀለም ቀባሁት፣ በሚኒባስ ፖርቶመጋላ ላይ አስረን ቢሾፍቱ ባቦጋያ ሐይቅ ወሰድነው። የመጀመሪያው ቀን ሰርግ ነበር። ሲመሽ ዳር ላይ ውሃው ውስጥ አስረነው አደርን። ጠዋት ስመለከት የሆዱ ጠርዝ ከስቱኮው ስር አብጧል፣ ከሰዓት በእጄ ነካ ሳረገው የላይኛው ንብርብር እንደ እንጀራ ተነስቶ እጄ ላይ ቀረ። ሙጫው የቤት ውስጥ ሙጫ ነበር። አልሰጠመም፣ ተላጠ ነው ምለው። ጓደኞቼ እስካሁን "ልጣጩ" ነው ሚሉት ጀልባውን።

ኤምዲኤፍ፣ ቺፕውድ ወይ የላሚኔት ቦርድ ከስራ የተረፈኝ አለ፣ ቀለም ደህና አርጌ ብቀባውስ?

አይሆንም። ቺፕውድ የኩሽና ሲንክ ስር እንኳን ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። ኤምዲኤፍ ደግሞ ውሃ ከገባው ያብጣል፣ ሲደርቅ ወደ ቦታው አይመለስም፣ ሚስማርም ጠርዙ ላይ አይዝም፣ ክብደቱም አለ፦ 6 ሚሊ ኤምዲኤፍ አንድ ፍሬ 13 ኪሎ አካባቢ ነው፣ ያው ውፍረት በኦኩሜ 9 ኪሎ አይሞላም። አረንጓዴው ውሃ ይችላል ሚባለው ኤምዲኤፍም ለመታጠቢያ ቤት እርጥበት ነው፣ ለሐይቅ አይደለም። ለሞዴል መቁረጫ ቅርፅ አውጡበት፣ ለዛ ግሩም ነው።

ስንት ሚሊ ልግዛ፣ ስንት ፍሬስ?

ሁለት ሰው ለሚይዝ ከ3 እስከ 3.5 ሜትር ለሆነ መቅዘፊያ ጀልባ ለጎኑ 6 ሚሊ፣ ለሆዱ 6 ወይ 9፣ ለኋላው ግድግዳ 18 (ሁለት 9 አጣብቃችሁም ይሆናል፣ እንደውም ይሻላል)። የእኛ አናጢ ልማድ ወፍራም መግዛት ነው፣ "ይጠንክር" ብለን። ጀልባ ጥንካሬው ከቅርፁ ነው ሚመጣው፣ የታጠፈ 6 ሚሊ ካልታጠፈ 12 ይበልጣል፣ ደግሞ ወፍራሙ አልታጠፍ ብሎ ሞርሳችሁን ይነቅላል። በግምት 6 ሚሊ በደረቁ የፊቱን እንጨት መስመር አቋርጣችሁ ስታጥፉት እስከ 60 ሴንቲ ሬዲየስ ድረስ ይሄዳል፣ በመስመሩ ርዝመት ካጠፋችሁት ግን 1.5 ሜትር አካባቢ ላይ ይበቃዋል። 9 ሚሊ ከሆነ 90 ሴንቲና 2.4 ሜትር በሉት። ስለዚህ ፕላኑን ስትስሉ የእንጨቱ መስመር ወዴት እንደሚሄድ ቀድማችሁ ወስኑ።

ቁጥሩ እንደ ዲዛይኑ ነው፣ የኔ ሁለተኛዋ ጀልባ በ4 ፍሬ 6 ሚሊ አለቀች፣ ቁራጩ ለመቀመጫ ሆነ። ይህን በቀላል ማረግ እንደሚቻል ያሳየው ሚረር ሚባለው የእንግሊዞች ጀልባ ነው፣ በ1962 እ.ኤ.አ. ጃክ ሆልትና ባሪ በክኔል ለተራ ሰው ቤቱ እንዲሰራው ብለው ያወጡት፣ ርዝመቱ 3.3 ሜትር፣ ባዶው 45 ኪሎ አካባቢ። ኮምፔንሳቶውን በመዳብ ሽቦ ሰፍተው መገጣጠሚያውን በፋይበርግላስና ሬዚን ያትሙታል፣ በቃ። ከ70,000 በላይ ተሰርቷል። ሽቦውን ከአሮጌ የኤሌክትሪክ ገመድ ልጣችሁ ማውጣት ትችላላችሁ፣ ምናለሽ ተራ ሄዳችሁ ከለቀማችሁ ደግሞ ሌላም ብዙ ነገር ይዛችሁ ነው ምትመለሱት፣ እኔ ለሽቦ ሄጄ የጀልባ መቅዘፊያ መያዣ ሚሆን ብረት ይዤ መጥቻለሁ።

ኮምፔንሳቶው 2.44 ሜትር ነው፣ ጀልባዬ 3.5 ነው፣ እንዴት ልቀጥለው?

ሁለቱንም ጫፍ በመላጊያ ሰያፍ አርጋችሁ ማነባበር ነው፣ የሰያፉ ርዝመት የውፍረቱ 8 እጥፍ፣ ማለት ለ6 ሚሊ 48 ሚሊ። ጥሩ ነገሩ ንብርብሮቹ ስትልጉ ቀጥ ያሉ መስመሮች ሆነው ስለሚወጡ ትክክል መሄዳችሁን በአይን ታያላችሁ፣ መስመሩ ከተጣመመ እጃችሁ ተጣሟል። ይሄ ካስፈራችሁ ጫፍ ለጫፍ ገጥማችሁ ከውስጥ በኩል ያው ውፍረት ያለው ቁራጭ ለጥፉበት፣ አያምርም እንጂ ይይዛል። በነጭ ኮላ ግን እንዳትሞክሩት። ነጩ ኮላ ለወንበር ነው፣ እርጥበት ውስጥ ሲውል ይለሰልሳል።

ኢፖክሲ በደንብ ከቀባሁት ርካሹ ኮምፔንሳቶ አይሆንም ወይ?

ይሄ ጥያቄ በሳምንት ሁለቴ ይመጣል። ለጊዜው ይሆናል፣ እስኪጫር ድረስ። ጀልባ ዳር ሲወጣ ድንጋይ ይነካል፣ መልህቅ ይወድቅበታል፣ አንድ የፀጉር ስንጥቅ ከተገኘ ውሃው ይገባል፣ ከገባ በኋላ ያ ሁሉ ኢፖክሲ እንዳይወጣ ይይዘዋል፣ እንጨቱ ከውስጥ ይበሰብሳል እናንተ ከላይ መስታወት ታያላችሁ። ሽፋን ጥሩ እንጨትን ያቆያል፣ መጥፎ ሙጫን አያድንም።

ግን ጥሩ ኮምፔንሳቶ ከያዛችሁ ኢፖክሲ ቀቡት፣ በተለይ ጠርዙን። ጠርዙ ውሃ ሚጠጣበት አፍ ነው፣ ሶስት ጊዜ እስኪጠግብ ቀቡት። የፖሊስተር ሬዚን (ታንከርና የመኪና ቦዲ ሚሰሩበት) ይረክሳል ግን እንጨት ላይ እንደ ኢፖክሲ አይነክስም፣ ከአመት በኋላ ሚላጥ አለ። የወለል ኢፖክሲም አለ፣ ወፍራም ነው፣ እንጨት ውስጥ ሰርጎ አይገባም፣ ስትገዙ ለፋይበርግላስ ለመለበድ ሚሆነውን ጠይቁ።

የአዲስ አበባ ብርድ ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። ከህዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ስለሚወርድ ማታ የቀባችሁት ጠዋት እንደ ማር ይዝለገለጋል፣ ላዩ ላይም ቅባት መሳይ ነገር ያወጣል፣ እሱን በውሃና በስፖንጅ ሳታጥቡ ሁለተኛ ዙር ብትቀቡ አይይዝም። ረፋድ 4 ሰዓት አካባቢ ጀምሩ፣ ጣሳውን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አቁሙት። የተቆረጠ ሃይላንድ ውስጥ ብዙ አትበጥብጡ፣ ሲጋጋል ሃይላንዱ ይኮማተርና እግራችሁ ላይ ይፈሳል (ጫማ ነበረ፣ አሁን የለም)። መጨረሻ ላይ ቀለም ወይ ቫርኒሽ ደርቡበት፣ ኢፖክሲ ፀሐይ ያቃጥለዋል፣ ላንጋኖ ላይ ደግሞ ፀሐይ ብርቅ አይደለችም።

ኮምፔንሳቶው ለሚያርፍበት አጥንትስ ምን እንጨት ይሁን፣ ባህር ዛፍ ይሆናል?

ባህር ዛፍ ጠንካራ ነው ግን ከባድ ነው፣ ሲደርቅ ይጠማዘዛል ይሰነጠቃል፣ የአጥር እንጨት አይታችሁ ታውቃላችሁ። ዋንዛ ለኔ አንደኛ ነው፣ ቅርፁን ይይዛል ይላጋል፣ ግን ዋንዛ ከመንግስት ደን መቁረጥ ክልክል ስለሆነ አዲስ የተቆረጠ ከመፈለግ የድሮ በርና የድሮ አልጋ ማግኘት ይሻላል፣ አሮጌ ቤት ሲፈርስ ደህና ደረቅ ነገር ይወጣል። እኔ የሶስተኛዋን አጥንት ከአንድ ከፈረሰ ቤት የመስኮት ፍሬም ነው ያወጣሁት። ካልሆነ ደህና የደረቀ የፈረንጅ ጥድ ሞራሌ፣ ጉጥ የሌለው መርጣችሁ።

ለምን ታንኳ አትሰራም፣ የጣናው አይነት?

ልክ ናችሁ፣ እነሱ ከኛ በፊት ጨርሰውታል። ደንገል አስሮ መስራት እጅ ይጠይቃል፣ እኔ የለኝም፣ ደግሞ ደንገል ውሃ እየጠጣ ስለሚከብድ ከውሃ አውጥቶ ማድረቅ፣ ቶሎ ቶሎም ማደስ አለ። ሐይቅ ዳር ለሚኖር ይሆናል። አራት ኪሎ ለሚኖርና በወር አንዴ ለሚወርድ አይሆንም።

ገዝቼ የት ላስቀምጠው?

አታቁሙት፣ ግድግዳ ላይ ተደግፎ የከረመ ኮምፔንሳቶ ሆዱ ይጎብጣል፣ ከዛ በኋላ አይቃናም። ሶስት አራት ሞራሌ መሬት ላይ ዘርግታችሁ አጋድሙት፣ ሲሚንቶ ወለል ላይ በቀጥታ አይደለም በተለይ ክረምት። ላስቲክ ጠቅልላችሁም አትፈኑት። ሲጫን ደግሞ ለመመቸት ብላችሁ ሱቁ ጋ ለሁለት እንዳታስቆርጡት፣ የርዝመት ክፍሎቻችሁ ይበላሻሉ፣ ጋሪ የሚገፋ ልጅ ከመርካቶ ፒያሳ ሙሉውን ያደርስላችኋል፣ ዝናብ ሳይመጣ ብቻ።

ሌላ ሚረሳ ነገር አለ?

አለ፣ በሩ። አንድ ፍሬ ኮምፔንሳቶ ውፍረቱ 6 ሚሊ ስለሆነ በማንኛውም በር ይገባል፣ ጀልባ ሆኖ ግን በዛው በር ላይወጣ ይችላል። የኔ ግቢ በር 96 ሴንቲ ነው፣ ሁለተኛዋ ጀልባ ስትጨርስ 1 ሜትር ከ18 ሆነች፣ በጎን ብናዞራት ደግሞ ኮሪደሩ ላይ ያለው የውሃ ቧንቧ አላሳልፍ አለ። መጨረሻ ላይ ስድስት ጎረቤት ተጠርቶ በአጥሩ ላይ በገመድ ነው የወጣችው፣ እትዬ ከላይ በረንዳ ላይ ቆመው "ቀስ! ቀስ! ቆርቆሮዬን!" እያሉ። ቆርቆሮው ትንሽ ተጣሟል፣ ከፍያለሁ።